ስኳርና አስፕሪን በደማችን ድር ላይ

የሐኪም ቀጠሮው ሲቃረብ ብቻ ከስኳር የሚጠነቀቅ ታካሚ ጥቂት አይደለም። ሦስት አራት ቀን ሻዩን መራራውን ይጠጣል፣ እንጀራውን ይቀንሳል፣ መርፌውን ሰዓት ሳያዛንፍ ይወጋል። በቀጠሮው ጠዋት በባዶ ሆዱ ሲለካ 110 ያይና ልቡ ይረጋል። ሐኪሙ ግን በተለምዶ «የሦስት ወር ስኳር» የሚባለውን ውጤት ገልጦ «ምነው፣ ካለፈው ጨመረሳ?» ይለዋል። ጣቱ ላይ የተለካው የዚያች ጠዋት ስኳር ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ባለፉት ሳምንታት በሄሞግሎቢን ላይ ተለጥፎ የቀረው ነው። የሦስት ቀን ጾም የሦስት ወሩን አይፍቅም።

ሄሞግሎቢን ስሙ የገነነው ለመለካት ስለተመቸ እንጂ ስኳር እሱን ብቻ መርጦት አይደለም። በደም ውስጥ በሚዘዋወር ፕሮቲን ሁሉ ላይ ይለጠፋል፤ ደም የሚያረጉትም ከእነዚያ መካከል ናቸው። በእነዚሁ ላይ የሚለጠፍ ሌላም አለ፤ ብዙ የስኳር ሕመምተኞች በየቀኑ የሚውጧት ትንሽ ክኒን፣ አስፕሪን። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ቦታ መሆኑ ተመራማሪዎችን ለዓመታት ሲያባብል ኖሯል፤ አስፕሪን ቀድሞ ቢቀመጥ ስኳር መቀመጫ ያጣ ይሆን? አስተያየቴን ከወዲሁ ልናገር። የቦታ ሽሚያው ታሪክ ያምራል፣ በላቦራቶሪም ምስክር አለው፤ በሰው ደም ውስጥ ግን ከቦታው ይልቅ የሚወስነው ጊዜው ይመስለኛል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከስኳሩ እንጀምር። ቡና ሲቆላ መልኩን የሚቀይረው፣ የድፎ ዳቦን ጀርባ የሚያጠይመው፣ በአብዛኛው ስኳርና የፕሮቲን ዘር ሙቀት ላይ ሲገናኙ የሚሠሩት ሥራ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪምና ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር ይህን በ1912 ገልጾ ጻፈ። ምጣድ ላይ በደቂቃዎች የሚያልቀው ነገር በ37 ዲግሪ ሰውነት ውስጥ ቀናትና ሳምንታት ይፈጃል እንጂ አይቀርም። የስኳሩ አንድ ጫፍ ከፕሮቲኑ አሚኖ ጫፍ ጋር ይያያዛል። መጀመሪያ የሚፈጠረው ማሰሪያ ልል ነው፤ ስኳሩ ከቀነሰ ሊፈታ ይችላል። ሲቆይ ግን ውስጡ ይገላበጥና ይጸናል። ግላይኬሽን የሚባለው ይህ ነው፤ የሚያዝ ኢንዛይም የለውም፣ ስኳር በበዛና ጊዜ በረዘመ መጠን ይጨምራል።

አሚኖ ጫፍ በሁለት ቦታ ይገኛል። አንደኛው የፕሮቲኑ ሰንሰለት መነሻ ነው፤ ሄሞግሎቢን ላይ የሚለካው ስኳር የተቀመጠው እዚያ ነው። ሁለተኛውና ለዚህ ጽሑፍ ዋናው፣ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ነው። ላይሲን ከፕሮቲኑ ገላ ወደ ውጭ የተዘረጋ ረጅም ክንድ አለው፤ በክንዱ ጫፍ አዎንታዊ ሙል የተሸከመ አሚኖ ተቀምጧል። በፕሮቲን ገጽ ላይ እንዲህ ያሉ ክንዶች በብዛት ስላሉ፣ ለሚያልፈው ለሚያገድመው ሁሉ የተዘረጋ እጅ ናቸው።

የሄሞግሎቢኑን ነገር ወደ ሕክምና ያመጣው ኢራናዊው ሳሙኤል ራህባር ነው። በ1968 ቴህራን ውስጥ ልዩ ልዩ የሄሞግሎቢን ዓይነቶችን ሲፈልግ፣ የስኳር ሕመምተኞች ደም ላይ ያልተለመደ ክፍልፋይ ጎልቶ አየ። ሲፈልግ የነበረው በዘር የሚተላለፍ ለውጥ ነበር፤ ያገኘው የምግብና የሕመም አሻራ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ግሉኮስ ከዘመዶቹ ስኳሮች ሁሉ ጨዋው ነው። ሞለኪውሉ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ስለሚኖር፣ ከፕሮቲን ጋር ሊያያዝ የሚችለው ጫፉ የሚገለጠው ከስንት አንዴ ነው። ፍሩክቶስ በዚህ ረገድ ይበልጥ ችኩል ነው። ፍጥረት ግሉኮስን የደም ስኳር አድርጋ የመረጠችው ለዚህ ይሆናል ብለው የጻፉ ሳይንቲስቶች አሉ። ሊረጋገጥ የማይችል ግምት ነው፣ ግን እወደዋለሁ።

አሁን ወደ ደም መርጋት። ቁስል ላይ ደም የሚቆመው በሁለት ሠራተኞች ነው። ፕሌትሌት የሚባሉት ኒውክሊየስ የሌላቸው ጥቃቅን ሕዋሳት መጀመሪያ ደርሰው ቀዳዳውን በገላቸው ይወትፋሉ። ከዚያ ፋይብሪኖጅን የሚባለው፣ ጉበት እየሠራ በአንድ ሊትር የደም ፈሳሽ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ግራም የሚያስቀምጠው ፕሮቲን ሽመናውን ይጀምራል። ትሮምቢን የተባለ ኢንዛይም ከፋይብሪኖጅን ላይ ትንንሽ ቁራጮችን ሲቀነጥስለት ፋይብሪን ይሆናል፤ ጫፍ ለጫፍ ይቀጣጠላል፣ ጎን ለጎን ይደራረባል፣ ድር ይሆናል። አሥራ ሦስተኛው ፋክተር የሚባለው ኢንዛይም ደግሞ ድሩን ቋጠሮ ያስይዘዋል፤ ቋጠሮው አንድን ላይሲን ከሌላ አሚኖ አሲድ ጋር የሚያስር ነው።

ቁስሉ ሲድን ድሩ መፈታት አለበት። ፈቺው ፕላዝሚን ነው፤ እንደ መቀስ ይቆርጣል፣ ከሚቆርጥባቸው ቦታዎችም ዋነኛው ላይሲን ነው። ፕላዝሚን ከመሆኑ በፊት ያለው መልኩ፣ ፕላዝሚኖጅን፣ ድሩ ላይ ሲቀመጥ የሚይዘውም ላይሲን ነው። ስለዚህ ላይሲን በዚህ ሽመና ውስጥ ቋጠሮውም፣ መወጣጫውም፣ የመቀሱ ምልክትም ነው። የላይሲን ክንድ ላይ አንድ ነገር ቢለጠፍ ከነዚህ ሦስት ሥራዎች አንዱ መነካቱ አይቀርም።

ስኳር ሲለጠፍ የሚሆነው በደንብ ተጠንቷል። የስኳር ሕመምተኞች ፋይብሪን ድር በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክሮቹ ቀጫጭን፣ ሽመናው ጥቅጥቅ ያለ፣ ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ ሳሳ ያለ ነጠላ ሳይሆን አጥብቆ የተሸመነ ቡልኮ ነው ማለት ይቻላል። ፈሳሽ በውስጡ እንደ ልብ አያልፍም፣ መቀሱም ወደ ውስጥ ለመግባት ይቸገራል፣ ስለዚህ የረጋው ደም ቀስ ብሎ ይሟሟል። ደቡብ አፍሪካ፣ ፖቸፍስትሩም ውስጥ ማርሊን ፒተርስና ባልደረቦቿ ስኳራቸው ካልተስተካከለ ታካሚዎች ፋይብሪኖጅኑን ለይተው አጠሩት፤ ታካሚዎቹ ኢንሱሊን ጀምረው ስኳራቸው ሲወርድ ደግመው ወሰዱና ሁለቱን አነጻጸሩ። ድሩ ተሻሽሎ ተገኘ። ይህን ጥናት ከሌሎቹ አስበልጬ የማየው ሰዎቹ ያው፣ ፕሮቲኑ ያው፣ የተቀየረው ስኳሩ ስለሆነ ነው።

ፋይብሪኖጅን ብቻም አይደለም። የደም መርጋትን ልጓም የሚይዘው አንቲትሮምቢን፣ ሄፓሪን የሚባለውን አጋዡን የሚቀበልበት ቦታ በላይሲን የተሞላ ነው፤ ስኳር ሲለጠፍበት ልጓሙ እንደሚላላ በ1984 ሚካኤል ብራውንሊ፣ ሄለን ቭላሳራና አንቶኒ ሴራሚ አሳይተዋል። ፕላዝሚኖጅንም አልቀረለትም፤ የእንግሊዟ ሊድስ ተመራማሪዎች በ2013 እንዳሳተሙት፣ ከስኳር ሕመምተኞች የተወሰደው ፕላዝሚኖጅን የሚያወጣው ፕላዝሚን ያነሰና የሰነፈ ነው። ድሩ ጠብቋል፣ መቀሱ ዶልዱሟል፣ ልጓሙ ላልቷል። ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ያጋድላሉ።

አስፕሪን የመጣው በሌላ በር ነው። በ1897 በጀርመኑ ባየር ኩባንያ ፊሊክስ ሆፍማን ንጹሕ አድርጎ ሲሠራው የታሰበው ለሕመምና ለትኩሳት ነበር። ደም ላይ የሚሠራውን ካስተዋሉት አንዱ በካሊፎርኒያ፣ ግሌንዴል የሚሠራ ሎረንስ ክሬቨን የተባለ ሐኪም ነው። ቶንሲል ያወጣላቸው ታካሚዎቹ አስፕሪን ያለበት ማስቲካ ሲያበዙ ደማቸው አልቆም አለው። ደም እንዳይቆም የሚያደርግ ነገር የልብ ደም ሥር እንዳይዘጋም ያደርግ ይሆናል ብሎ ለወንድ ታካሚዎቹ አስፕሪን ማዘዝ ጀመረ፤ በ1956 ሲጽፍ ቁጥራቸው 8,000 ደርሶ ነበር። አስፕሪን የማይወስድ ማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበረው ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረው። ራሱ በ1957 በልብ ሕመም ሞተ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፣ ማስረጃው ግን አልነበረም፤ ሁለቱ አብረው የማይሄዱበት ጊዜ ብዙ ነው።

በ1971 ጆን ቬን አስፕሪን ፕሮስታግላንዲን የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች እንዳይሠሩ እንደሚያግድ አሳየ፤ በ1982ም የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። እንዴት እንደሚያግድ የገለጡት በ1975 ጄራልድ ሮትና ፊሊፕ ማጀረስ ናቸው። አስፕሪን ሁለት ክፍል አለው፤ ሳሊሲሊክ አሲድና በላዩ የተሸከማት አሴቲል የምትባል ትንሽ ቁራጭ። ተመራማሪዎቹ አሴቲሏን በራዲዮአክቲቭ ምልክት አደረጉባትና ፕሌትሌት ውስጥ ስትገባ ተከታተሏት። አሴቲሏ ከአንድ ኢንዛይም ላይ ተጣብቃ ቀረች። ያ ኢንዛይም ሳይክሎኦክሲጅኔዝ አንድ ነው፤ ፕሌትሌቶች ጓደኞቻቸውን የሚጠሩበትን ትሮምቦክሴን የሚባል መልእክት ማዘጋጃ።

የምትጣበቅበት ቦታ ላይሲን አይደለም፤ ሴሪን የሚባል፣ በሰው ኢንዛይም ውስጥ 529ኛው አሚኖ አሲድ ነው። ሴሪኑ ያለው ኢንዛይሙ ውስጥ እንደ ዋሻ በጠለቀ ጠባብ መተላለፊያ ነው። አስፕሪን ዋሻው ውስጥ ገብቶ ለጊዜው ሲያርፍ አሴቲሉ በትክክል ሴሪኑ አጠገብ ይሆናል። አሴቲሏ ተሻግራ ስትጣበቅ መተላለፊያው ይዘጋል፤ ሳሊሲሊክ አሲዱ ይወጣል፣ ቡሹ ግን ይቀራል። ፕሌትሌት ደግሞ ኒውክሊየስ ስለሌላት አዲስ ኢንዛይም መሥራት አይሆንላትም። ከሰባት እስከ አሥር ቀን በምትኖርበት ዕድሜዋ ሁሉ ያው የተወተፈ ዋሻ ይዛ ትኖራለች። «አስፕሪን ደም ያቀጥናል» የምንለው ልማድ ነው እንጂ የደሙ ቅጥነት አይቀየርም፤ የሚቀየረው የፕሌትሌቶቹ መጠራራት ነው።

ይህ ዋሻ ለአንድ የተለመደ ስህተትም ምክንያት ነው። አይቡፕሮፊንም እዚያው ገብቶ ያርፋል፣ ግን ሳይጣበቅ ይወጣል። ቀድሞ ከተዋጠ አስፕሪን በር ላይ ቆሞ ይቀራል፤ አይቡፕሮፊኑ ሲወጣ አስፕሪኑ ከደም ጠፍቷል። በ2001 የታተመ ጥናት ይህን በሰው ላይ አሳይቷል፤ እኛ ዘንድ ከየመድኃኒት ቤቱ የማይጠፋው ዲክሎፌናክና ፓራሲታሞል ግን እንዲህ አላደረጉም። ለልቡ አስፕሪን የሚወስድ ሰው ለጉልበቱ አይቡፕሮፊን ሲጨምር ከሐኪሙ ጋር ቅደም ተከተሉን መነጋገር ያለበት ለዚህ ነው።

እስካሁን አስፕሪን ያነጣጠረ ተኳሽ ነው። ነገር ግን አሴቲሏን ወዲያ ወዲህ የሚበትንበት ጠባይም አለው። በ1968 አልቡሚን የሚባለውን የደም ፕሮቲን አሴቲል እንደሚለጥፍበት ታየ፤ የሚለጠፈውም ላይሲን ላይ ነው። ሄሞግሎቢንንም ይነካል፤ አስፕሪን በከፍተኛ መጠን የሚወስድ ሰው «የሦስት ወር ስኳሩ» በአንዳንድ የቆዩ መለኪያዎች ከእውነቱ ከፍ ብሎ ሊነበብ የሚችለው በዚህ ነው። በ1989 ደግሞ አስፕሪን ፋይብሪኖጅንንም አሴቲል እንደሚያደርግና የረጋ ደም ቶሎ እንዲሟሟ እንደሚያግዝ ታተመ። በሊድስ፣ ፋይብሪኖጅን የሚሠሩ ሕዋሳትን ከአስፕሪን ጋር አብረው አሳደጉ፤ ከእነዚያ ሕዋሳት ፋይብሪኖጅን የተሸመነው ድር ክሩ ወፍራም፣ ቀዳዳው ሰፊ፣ ለመሟሟትም ፈጣን ሆነ። ስኳር ከሚያደርገው በተቃራኒ ማለት ነው።

እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ይጠነክራል። ሁለቱም ላይሲንን ይሸፍናሉ፤ ታዲያ አንዱ ድሩን ሲያጠብቅ ሌላው ለምን ያላላል? በከፊል የሚያስረዳኝ ኬሚስትሪው ራሱ ነው። አሴቲል ትንሽ ናት፣ ግን የላይሲንን አዎንታዊ ሙል ታጠፋለች። ስኳር ትልቅ ነው፣ ቦታ ያጣብባል፣ ሙሉን ግን በአብዛኛው ይተወዋል። አንዱ የእጁን ጉልበት ይወስዳል፣ ሌላው እጁ ላይ ሸክም ያስቀምጣል። በዚያ ላይ ሁለቱም ሁሉንም ላይሲን እኩል አይጎበኙም። የስዊድን ተመራማሪዎች በ2012 የፕሮቲን ቁራጮችን በክብደታቸው በሚለይ መሣሪያ አንድ በአንድ አይተው ሁለቱም የየራሳቸው ተመራጭ ላይሲኖች እንዳሏቸው አሳይተዋል። አሴቲል የተቀመጠበት ቁራጭ 42፣ ስኳር የተቀመጠበት 162 ይጨምራል፤ መሣሪያው የሚያውቃቸው በዚህ ነው። ስለዚህ «አንድ መቀመጫ፣ ሁለት እንግዳ» የሚለው ሥዕል ግማሽ እውነት ነው። አንዳንዱ መቀመጫ የጋራ ሊሆን ይችላል፤ ብዙው ግን የየግል ይመስላል።

ሽሚያ መኖሩን የሚደግፍ ምልክት ከፖላንድ መጥቷል። የዉጅ ከተማው ቼዛሪ ቫታዋና ባልደረቦቹ በ2005 እንዳሳዩት፣ የስኳር ሕመምተኞች ፕሮቲን ላይ ግላይኬሽን በበዛ መጠን የአስፕሪን አሴቲል ይቀንሳል፣ ፕሌትሌቶቹም ለአስፕሪን ይደነቁራሉ። አስፕሪን ስኳርን ይከላከላል ከሚለው ተስፋ ይልቅ ስኳር አስፕሪንን ይከላከላል የሚለው ስጋት እዚህ ላይ ጎላ። ስዊድኖቹም በዚያው በ2012 የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ያለባቸውን ሰዎች አጥንተው ነበር፤ በቀን 75 ሚሊግራም አስፕሪን የፋይብሪኑን ድር አልለወጠውም፣ 320 ሚሊግራም ግን ቀዳዳውን አሰፋው። ስኳር በሌለባቸው ሰዎች ላይ አነስተኛ መጠንም ሲያሰፋ ታይቷል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ፤ ከዚህ ሁሉ ንባብ ውስጥ ይበልጥ ያሳመነኝ እሱ ነው። የግሉኮስና የአስፕሪን ሞለኪውሎች ክብደት አንድ ነው፤ ሁለቱም 180። ስለዚህ በሚሊግራም ማነጻጸር በቁጥር ማነጻጸር ነው። ጤነኛ ሰው በባዶ ሆዱ በአንድ ሊትር ወደ 1,000 ሚሊግራም ስኳር ይኖረዋል። 100 ሚሊግራም አስፕሪን ሲዋጥ በደም ውስጥ የሚደርስበት ጣሪያ በሊትር 1 ሚሊግራም ገደማ ነው። አንድ ለሺህ። ያም በየ15 እና 20 ደቂቃው ግማሹ እየተሰበረ ይጠፋል፤ ስኳሩ ግን ቀን ከሌት አለ። ጣሪያው ላይ እንኳ የአስፕሪን ሞለኪውሎች ቁጥር ከፋይብሪኖጅን ሞለኪውሎች ያንሳል። በዙሪያው ደግሞ ከፋይብሪኖጅን በቁጥር ስልሳ እጥፍ የሚበልጥ አልቡሚን፣ ላይሲኑን ዘርግቶ ይጠብቃል። እንዲህ ባለ ግፊያ ውስጥ ትንሿ የልብ አስፕሪን ፋይብሪኖጅንን ከስኳር ታድናለች ማለት ይከብደኛል። ብዙዎቹ የሙከራ ብልቃጥ ውጤቶች የተገኙት ከዚህ እጅግ በላቀ መጠን ነው።

ታዲያ ያቺው ትንሽ ክኒን ፕሌትሌት ላይ ለምን ትሠራለች? አንደኛ፣ ከአንጀት ወደ ጉበት በሚሄደው ደም ውስጥ አስፕሪኑ ገና ሳይሰበር ፕሌትሌቶቹ ያገኙታል። ሁለተኛ፣ ዋሻው ራሱ አስፕሪኑን ይጎትትለታል። ሦስተኛ፣ የተወተፈው አይተካም፤ የዛሬው በትናንቱ ላይ ይደመራል። ፋይብሪኖጅን ግን አራት ቀን ያህል ኖሮ ይተካል፣ ጉበት አዲሱን ያለ ምንም ምልክት ይልካል። ስኳር ይህ አያስጨንቀውም፤ አዲሱ በመጣ ሰዓት ሁሉ ደጃፍ ላይ ነው።

በሰው ላይ የተደረጉት ትልልቅ ሙከራዎች ከዚህ ሒሳብ ጋር አይጣሉም። አንድ ጊዜ ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ የደረሰበት ሰው በአስፕሪን እንደሚጠቀም ከተረጋገጠ ቆይቷል፤ በ1988 የታተመው አይሲስ ሁለት ከ17,000 በላይ ታካሚዎችን ይዞ፣ የልብ ደም ሥራቸው ተዘግቶ የመጡ ሰዎች ሞት በአስፕሪን በሩብ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። የስኳር ሕመም ኖሯቸው ልባቸው ገና ያልተነካ ሰዎች ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በ2018 ውጤቱ የወጣው የብሪታንያው አሴንድ 15,480 የስኳር ሕመምተኞችን በአማካይ ለ7.4 ዓመት ተከታተለ። በቀን 100 ሚሊግራም ከወሰዱት 8.5 በመቶው፣ ካልወሰዱት 9.6 በመቶው ከባድ የልብ ወይም የደም ሥር ችግር ደረሰባቸው። ከባድ መድማት ደግሞ በተቃራኒው 4.1 በመቶና 3.2 በመቶ ሆነ። ያተረፈውን ያህል ሊያስከፍል ምንም አልቀረው። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣውን ባለ 81 ሚሊግራም ጠርሙስ እንደ ቫይታሚን ለቤተሰብ ማደል ደግ ሥራ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ያልተዘጋው ፋይል የፕሌትሌቷ ነው። ጤነኛ ሰው በየቀኑ ከፕሌትሌቶቹ አንድ አሥረኛውን ያህል ይተካል፤ ጠዋት የዋጣት አስፕሪን ግን ከሰዓት በፊት ከደሙ ጠፍታለች። በብዙ የስኳር ሕመምተኞች ላይ ደግሞ መተካቱ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ማታና ሌሊት የሚወለዱት ዋሻቸው ክፍት ሆኖ፣ አስፕሪን የሚባል ሳያውቁ ወደ ደም ይገባሉ። የትሮምቦክሴን መጠን ሲለካ በሃያ አራተኛው ሰዓት አካባቢ ወደ ላይ መመለስ የሚጀምረው በእነሱ ነው። አነስተኛውን መጠን በቀን ሁለት ጊዜ መስጠት በላቦራቶሪ መለኪያ ይህን ክፍተት እንደሚደፍን ታይቷል። ጠዋት ከተወተፉት መካከል እየተንሳፈፈች፣ ንጋት ላይ የምትደርሰው ያቺ ያልተነካች ፕሌትሌት ጠባብ በሆነ የልብ ደም ሥር ውስጥ ስታልፍ፣ ከጎኗ ያለው ፋይብሪኖጅን ስኳሩን ተሸክሞ እየጠበቃት ነው።